ከቢፑ ጀርባ ያለው ሰውዬ

በቅድመ ውድድር ዝግጅት ወቅት ተጫዋቾች ከአሰልጣኛቸው ይበልጥ የሚጠሉት አንድ ድምፅ አለ። «ቢፕ» ይላል። ከትንሽ ስፒከር ይወጣል፣ እየቆየ ይፈጥናል፣ ማንንም አይምርም። ስፒከሩን ይዞ ሜዳ ዳር የሚቆመው የአካል ብቃት አሰልጣኙ ስለሆነ ስድቡም እርግማኑም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እኔ ላይ ማለቴ ነው። የድምፁን እውነተኛ ባለቤት ግን ከሚሮጡት ልጆች አብዛኞቹ አያውቁትም። አንዳንድ አሰልጣኞችም ቢሆኑ (ስም አልጠራም) ነገሩ ከስልኩ ጋር አብሮ የተሸጠላቸው ነው የሚመስላቸው።

ባለቤቱ የንስ ባንግስቦ ይባላል። ዴንማርካዊ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ተወለደ (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነው። ማዕረጉን ሰምታችሁ ግን ነጭ ጋውን ለብሶ ከአይጥ ጋር የሚውል ሰው አድርጋችሁ እንዳትስሉት። በዴንማርክ ከፍተኛ ሊግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን የተጫወተ ሰው ነው። በእኛ ሙያ ይህች ነገር ትልቅ ቦታ አላት። መልበሻ ክፍል ውስጥ አዲስ «ሳይንቲስት» ሲገባ ተጫዋቾች መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ዲግሪው አይደለም፤ «ኳስ ተጫውቷል እንዴ?» ነው። ካልተጫወተ የሚለውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል፤ ዞር ሲል የለመዱትን ያደርጋሉ።

ባንግስቦ ምርምር የጀመረበት ቤት የዋዛ አልነበረም። የኮፐንሃገኑ ኢንስቲትዩት ይጠራ የነበረው በ1920 ኖቤል በተሸለመው በኦገስት ክሮግ ስም ነው፤ በኋላ ቤቱን ያደመቀው ደግሞ ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲን ነበር። ሳልቲን በ1973 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ፤ የአገራችን አሰልጣኞች ቢያነቡት እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ከባድ ልምምድ የሠሩ ተጫዋቾች ወደ ሜዳ የሚገቡት ግላይኮጅናቸው፣ ማለትም ጡንቻ ለሩጫ ብሎ የሚያጠራቅመው ስኳር፣ ተመናምኖ ነው። እነዚህ ልጆች ክምችታቸው ሙሉ ከነበረው ጓደኞቻቸው ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ ርቀት ሸፈኑ፤ ከሸፈኑትም ግማሹ የእግር ጉዞ ነበር። አሁን በሹክሹክታ ልንገራችሁ፦ ቡድኑ ረቡዕ ከተሸነፈ፣ እሑድ ጨዋታ እያለ፣ ቅዳሜ ጠዋት «የቅጣት ሩጫ» የሚያዝ አሰልጣኝ ዛሬም አለ። እሑድ በ60ኛው ደቂቃ ልጆቹ ሲንገዳገዱ ጋዜጠኛው «የፍላጎት ማነስ» ይለዋል። እኛ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንተያያለን።

ባንግስቦ ቀደም ሲል የሠራው አንድ ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ተጫዋቾችን በቪዲዮ እየቀረጸ ምን ያህል እንደሚቆሙ፣ እንደሚራመዱ፣ እንደሚሮጡ ቆጠረ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1991 ባሳተመው ጥናት 14 የዴንማርክ ተጫዋቾች በአንድ ጨዋታ በአማካይ 10.8 ኪሎ ሜትር ሸፍነዋል። ከጨዋታው ጊዜ 17 በመቶውን ቆመው ነው ያሳለፉት፤ 40 በመቶውን እየተራመዱ፤ 35 በመቶውን በለስላሳ ሩጫ። ፈጣኑ ሩጫ 8 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ለተጫዋቾች ሳነብላቸው ሳቅ ይጀምራሉ። «ታዲያ ኮች፣ ለምን ታሮጠናለህ?»

ቀልድ ይምሰል እንጂ የባንግስቦ የ1994 የዶክትሬት ሥራ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ርዕሱ የእግር ኳስ ፊዚዮሎጂ ነው፤ ትኩረቱ ደግሞ እየተቆራረጠ የሚመጣ ከባድ ሩጫ። ጨዋታን የምትወስነው ያቺ 8 በመቶ ናት። ክፋቷ አንድ ላይ ተጠቅልላ አለመምጣቷ ነው። ሦስት ሰከንድ ትፈነዳለህ፣ ትራመዳለህ፣ ገና ትንፋሽህ ሳይመለስ ኳስ ከኋላህ ይጣላል፣ ደግመህ ትፈነዳለህ። ተጫዋቹን የሚለየው አንዴ መፍጠኑ አይደለም፤ ከፈጠነ በኋላ ቶሎ ተመልሶ እንደገና መፍጠን መቻሉ ነው። ይህን ለማወቅ በእርግጥ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ የመስመር ተከላካይ ሆኖ አንድ ዓመት የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቀውን በቁጥር የሚያስቀምጥ ግን ሌላ ሰው ነው።

አንድ ጥናታቸውን ለብቻው ላውጋችሁ፤ ለተጫዋቾች ሳወራው ሁሉም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ባንግስቦ፣ ተማሪውና ኋላም ባልደረባው የሆነው ፒተር ክሩስትሩፕ እና ጓደኞቻቸው በ2006 ባሳተሙት ሥራ 31 የዴንማርክ አራተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋቾችን የወዳጅነት ጨዋታ አጫወቱ። ጨዋታው እየተካሄደ፣ ልክ ከባዱ ሩጫ እንዳለቀ፣ ተጫዋቹ ወደ መስመሩ ዳር ይጠራል። አስቀድሞ በማደንዘዣ በተዘጋጀው የጭኑ ቦታ ወፍራም መርፌ ይገባና ከጡንቻው ትንሽ ቁራጭ ይዞ ይወጣል። ደሙም ይቀዳል። ከዚያ ሂድ፣ ተጫወት! እስቲ አስቡት፤ እኛ አገር ተጫዋቹ ከወጌሻው የቅዝቃዜ ስፕሬይ ሌላ ነገር ካየ እናቱ ጋ ይደውላል።

የተገኘው ነገር ግን መርፌውን የሚያስረሳ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ከጡንቻ ክሮች ግማሽ ያህሉ ግላይኮጅናቸው ተሟጧል ወይም ሊሟጠጥ ደርሷል። ሁላችንም ለድካም የምንከሰው ላክቲክ አሲድ ደግሞ ነፃ ወጣ፦ ጡንቻ ውስጥ የተገኘው መጠን መካከለኛ ነበር፣ ከፍጥነት መቀነስ ጋርም አልገጠመም። ከዚያ ወዲህ እንኳን ስንት ዓመት ሆነ፤ ዛሬም በየሜዳው ዳር «ላክቲክ አሲድ ሞላው» ሲባል እሰማለሁ። እኔም ዝም እላለሁ፤ ሁሉን ያረመ ሥራ አያገኝም።

እንግዲህ ወደ ቢፑ እንምጣ። ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። ካናዳ ውስጥ ሉክ ሌዤ በ1982 ያወጣው የ20 ሜትር የምልልስ ሩጫ ነበር፤ በቢፕ እየተመራህ ሳታርፍ ወዲያና ወዲህ ትላለህ፣ ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ባንግስቦ ሩጫው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ እረፍት። 20 ሜትር ሄደህ 20 ሜትር ትመለሳለህ፤ ከዚያ 10 ሰከንድ አለህ፤ በእነዚያ 10 ሰከንዶች 5 ሜትር ሶምሶም ብለህ ሄደህ ትመለስና ቆመህ ቀጣዩን ቢፕ ትጠብቃለህ። ዮ-ዮ ብሎ የሰየመው ይህን ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነሣል፤ ከ13 በኋላ ግማሽ ግማሽ እየጨመረ ይሄዳል። መስመሩ ላይ በጊዜ ካልደረስክ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ ከዘገየህ ወጣህ። ያቺ 10 ሰከንድ ከተጫዋች ጭንቅላት የወጣች ናት፤ ኳስ ያልተጫወተ ሰው እረፍትን እንደ ፈተና ይቆጥራል ብዬ አላምንም።

ልጆቹ ደግሞ መላ አያጡም። ከኮኑ ግማሽ ሜትር ቀድሞ መታጠፍ የሁሉም እናት ናት። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ማለት አለ። ከቡድኑ ፈጣን ልጅ ጎን ሆኖ በእሱ ጥላ መሮጥ አለ፤ የሚመዘግበው ረዳት አንዱን ሲያይ ሌላው ያመልጣል። ነባሮቹ ግን ከዚህ ሁሉ የረቀቀ ነገር ያውቃሉ፦ በዝግጅቱ መጀመሪያ ቀን ሆን ብለው ቀደም ብለው ይወጣሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እውነተኛ አቅማቸውን ሲሮጡ «ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ እንዴት ተሻሻለ!» ይባላል። አሰልጣኙ ደስ ይለዋል፣ እኔም የሠራሁ ይመስላል፣ ተጫዋቹም ቦታውን ያገኛል። ሁሉም አሸናፊ የሆነበት ውሸት ስለሆነ ማንም አያነሣውም።

ከእነሱ የሚብሰው ግን የእኛው የአሠልጣኞቹ ነው። አንድ ክለብ ውስጥ ሥራ ስጀምር ልጆቹ የሮጡት ቁጥር አስገርሞኝ ነበር፤ በወረቀቱ ከሄድን እነዚህ ልጆች አውሮፓ መጫወት ነበረባቸው። ኋላ ላይ ሜትር ይዤ ሜዳ ወርጄ ለካሁት። 20 ሜትሩ በእርምጃ ነበር የተለካው፤ የለካው ሰው ደግሞ አጭር ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሜትር ከጎደለ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ሜትር ይጎድላል፤ ሃምሳ ጊዜ ሲመላለሱ መቶ ሜትር በነፃ ተሰጠ ማለት ነው። ፍጥነቱም እንዲሁ ተቀንሷል። ቁጥሩን ሳስተካክል የወረደብኝን ነገር ባልናገር ይሻላል።

በሌላው ዓለም ቁጥሩ ምን ተደረገበት? በ2001 ማርቼሎ ሊፒ ወደ ዩቬንቱስ ሲመለስ ባንግስቦን ረዳቱ አድርጎ ወሰደው፤ እስከ 2004 አብረው ቆዩ። ዩቬ በ2002 እና በ2003 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2003 የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ማንቸስተር ላይ በሚላን በፍጹም ቅጣት ምት ተረታ። ቡፎን፣ ቱራም፣ ዳቪድስ፣ ኔድቬድ፣ ዴል ፒዬሮ ያሉበት ቡድን ነው። ፕሮፌሰሩ ዋንጫውን አመጣ ልል አይደለም፤ ኔድቬድ ያለው ቡድን ያለ ፕሮፌሰርም ይሮጣል። ነጥቤ ሌላ ነው። በዚያ ደረጃ ያለ አሰልጣኝ የዩኒቨርሲቲ መምህርን ወንበሩ አጠገብ ያስቀመጠው ለጌጥ አልነበረም። በኋላም ጂያን ፒዬሮ ጋስፔሪኒ አታላንታ ላይ አብሮት ሠርቷል፤ ያ ቡድን እንዴት ይሮጥ እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ከዴንማርክ ብሔራዊ ቡድን ጋርም ሠርቷል።

በ2003 ከማግኒ ሞር እና ከክሩስትሩፕ ጋር ያሳተመው ጥናት የእኛን ዓይን መክፈት የነበረበት ነው። ከአውሮፓ ምርጦች የሚመደቡ 18 ተጫዋቾችን ከ24 መካከለኛ ደረጃ ፕሮፌሽናሎች ጋር አነጻጸሩ። ጠቅላላ ርቀት ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፦ 10.86 ኪሎ ሜትር ከ10.33 ጋር። ፈጣኑ ሩጫ ላይ ግን ምርጦቹ 2.43 ኪሎ ሜትር፣ ሌሎቹ 1.90። በሙሉ ኃይል በሚፈነዳው ሩጫ 650 ሜትር ከ410 ጋር። በዮ-ዮውም 2.26 ኪሎ ሜትር ከ2.04። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አገኙ፤ አንድ ተጫዋች በጣም ከሮጠባቸው አምስት ደቂቃዎች ቀጥሎ በሚመጡት አምስት ደቂቃዎች ሩጫው ከራሱ አማካይ በታች ይወርዳል። ጨዋታው ገና መሐል ላይ እያለ እንኳ። ደርሰን ደርሰን ጎል ካስቆጠርን በኋላ ወዲያው የምናስተናግደውን ጎል «የትኩረት ማጣት» እያልን እንገሥጻለን። እኔ ግን ግማሹ የጭን ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ተቀይረው የሚገቡት ደግሞ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ሙሉ ከተጫወቱት 25 በመቶ ያህል የበለጠ ፈጣን ሩጫ ነበራቸው። ተቀያሪ ሳያስገባ በ88ኛው ደቂቃ ሰዓት የሚያይ አሰልጣኝ ባየሁ ቁጥር ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ የሯጭ አገር ነን፤ ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ማራቶን ሲያሸንፍ የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ ዓይኑን ወደ ከፍታ መለሰ። ይህ ኩራታችን ነው፣ ለእግር ኳሳችን ግን ዕዳ ሆኗል። ክለቦቻችን ለዝግጅት ሲሰበሰቡ የመጀመሪያው ሳምንት የሚያልፈው ረጅም ሩጫ ላይ ነው፤ እንጦጦ መውጣት፣ ጫካ ለጫካ፣ አስፋልት። አንድ አንጋፋ አሰልጣኝ «ኃይሌ የሮጠበት ቦታ ነው» ብሎኛል። ልክ ነው፤ ኃይሌ ግን በ10 ሺህ ሜትር ውስጥ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ሮጦ፣ ዘልሎ በግንባር ገጭቶ፣ ወድቆ ተነሥቶ እንደገና አይፈነዳም።

በ2013 ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል ተለያየን፣ አዳነ ግርማ አገባ፣ አገር ተደሰተ። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ መጣ። በረኛቸው በቀይ ወጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል በ10 ሰው ነበር የተጫወቱት። የተቆጠሩብንን አራት ጎሎች ሰዓት ግን ተመልከቱ፦ አንዱ በ34ኛው ደቂቃ፣ ሦስቱ ከ74ኛው ወዲህ። በሰው ቁጥር የበለጥነው እኛ፣ የሮጡት እነሱ። ታክቲክም አለበት፣ ልምድም አለበት፤ ሁሉንም ትንፋሽ ላይ መለጠፍ አልፈልግም። ግን የሯጭ አገር ልጆች ናቸው፤ ሮጠው ያልጨረሱት ሩጫ ሳይማሩ ቀርተው አይደለም፣ የተማሩት ሩጫ ሌላ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ዮ-ዮውን ወደ አገር ቤት አመጣነው፤ ፈተናውን አስመጥተን ትምህርቱን ጉምሩክ ላይ ተውነው። ባንግስቦ ፈተናውን የሠራው ከፈተናው በኋላ ምን ዓይነት ልምምድ እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው፤ በዚያው በ1994 ስለ እግር ኳስ የአካል ብቃት ልምምድ ያወጣው መጽሐፍ አብዛኛው ስለ ልምምድ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ በ2012 ከቶማስ ጉናርሰን ጋር ያሳተመው ነው። 10-20-30 ይባላል፤ 30 ሰከንድ ቀስ ብሎ፣ 20 ሰከንድ መካከለኛ፣ 10 ሰከንድ በሙሉ ኃይል፣ ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሁለት ደቂቃ ማረፍ። ለሰባት ሳምንታት እንዲህ የሠሩት ሯጮች የሚሮጡትን ርቀት በግማሽ ያህል ቀንሰው እንኳ የ1,500 ሜትር ሰዓታቸውን በ23 ሰከንድ፣ የ5 ኪሎ ሜትሩን በ48 ሰከንድ አሻሻሉ። ትንሽ ሮጦ የበለጠ መፍጠን! ይህን ለአንድ ዋና አሰልጣኝ ባሳየው «ልጆቹን ሰነፍ ልታደርግብኝ ነው እንዴ?» አለኝ። በዕድሜ ታላቄ ነው፣ አክብሬ ዝም አልኩ። ነገር ግን ማክሰኞ ማክሰኞ እሱ ስብሰባ ሲሄድ እሠራበት ነበር።

የከፍታው ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ፈተናውም ይከብዳል። ኮፐንሃገን ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ስለዚህ የአውሮፓ ምርጦቹን 2,260 ሜትር ወረቀት ላይ ጽፎ «ይህን ያልሮጠ አይፈርምም» ማለት ስህተት ነው። በ2020 ደግሞ ሊጋችን ከከተማ ከተማ እየዞረ መካሄድ ጀመረ። ያው ልጅ አዲስ አበባ ላይ የሮጠውና ድሬዳዋ ላይ የሮጠው በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ አንዱ ጋ አየር ይጠፋል፣ ሌላው ጋ ሙቀቱ ይገድላል። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው ወይስ ዝናብ ያበላሸው? በወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ከሜዳ ወጥቶ ቢሮ ሲገባ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። ይህን በዝግ ነው የምንነጋገረው። የአንድ ክለብ ሰዎች ደመወዙ የከበዳቸውን አንጋፋ ተጫዋች ማሰናበት ፈለጉ። ውሉ ገና አላለቀም። «ብቃቱ ወርዷል የሚል ሰነድ ስጠን» ተባልኩ። ልጁ ከጉዳት ከተመለሰ ገና ነው፤ ሌሎቹ ጠዋት ሲሮጡ እሱን ቀትር ላይ እንዳስሮጠው ፈለጉ። አልሆነም፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ከዚያ ወጣሁ። በተቃራኒው ደግሞ የወኪል ሰው ያመጣው ልጅ ፈተናውን ሲወድቅ «ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርግልን» የሚል ስልክ ይመጣል። ድምፁ ሁልጊዜ ትሑት ነው፤ «ወንድሜ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ለዚህ ነው በአስተዳደር ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው የሚያሳስበኝ። ከሜዳ ወደ ቢሮ መሄድን በተመለከተ ኢትዮጵያ ለማንም የማታንስ ታሪክ አላት፤ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው፣ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድን አሠልጥነው፣ ከ1972 እስከ ሕይወታቸው ማለፊያ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል። ከሜዳ ወደ ቢሮ የሚወስደው መንገድ ተጠርጓል ማለት ነው። ከሜዳ ተነሥቶ በላቦራቶሪ አልፎ ቢሮ የሚደርሰው መንገድ ግን ገና ሣር ነው። ባንግስቦ በዚያ መንገድ የሄደ ነው። ትልቅ የፌዴሬሽን ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ የምርምር ቡድን መርቶ፣ ሰው አሠልጥኖ፣ ጉባኤ ጠርቶ ነው አስተዳዳሪ የሆነው። በ2016 ኮፐንሃገን አቅራቢያ ከ8 አገሮች የመጡ 24 ተመራማሪዎች ተሰብስበው ስለ ልጆችና ስለ አካል እንቅስቃሴ የጋራ ስምምነት ሲያወጡ መጀመሪያ የተጻፈው ስም የእሱ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መንቀሳቀሱ ትምህርቱን አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይረዳዋል የሚል ነው ቁም ነገሩ። በ2019 ደግሞ ስለ አዛውንቶች ተመሳሳይ ሠሩ። ከክሩስትሩፕ ጋር ሆነው ልምምድ የማያዘወትሩ የኮፐንሃገን ወንዶችን ለ12 ሳምንታት ኳስ አጫውተው የደም ግፊታቸው እንደሚወርድ አሳይተዋል። እሑድ እሑድ ሆዳቸውን ይዘው ለሚጫወቱ የሠፈር ጋሼዎቻችን ከዚህ የተሻለ ዜና የለም፤ ሚስቶቻቸው ቢሰሙ ግን ማስረጃ ይጠይቃሉ።

በቅርብ ዓመታት ጫማቸውን ሰቅለው ስፖርት ሳይንስ የሚማሩ ተጫዋቾች በርከት ብለዋል። ይህ ደስ ይለኛል። ጥሩ ጥሩ ልጆች አሉ፤ ጉልበታቸው ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ፣ እጃቸው ላይ የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ። ይደውሉልኛል። ችግሩ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኮች፣ የቢፑን ድምፅ ላክልኝ።» እልካለሁ። አብሬም ሁለት ነገር እላለሁ፦ መጀመሪያ የ30 ሜትር መለኪያ ግዛ፤ ሁለተኛ የሦስት ሳምንቱን የልምምድ ዕቅድ ሳትጽፍ ውጤቱን ለቢሮ አትስጥ። ባለፈው አንዱ፣ ግራ መስመር ላይ ጥሩ ይጫወት የነበረ ልጅ ነው፣ ትንሽ አሰበና መለሰልኝ፦ «ዕቅዱ ችግር የለውም ኮች፣ ሌሊት እጽፈዋለሁ። መለኪያው ግን ለክለቡ የግዢ ጥያቄ ሆኖ ገብቶ ሦስት ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ተገኝተዋል።»